ራሳቸውን ደጋግመው የሚጎዱ፣ የስብዕና መታወክ ያለባቸው ታካሚዎች፦ ጤና ጣቢያ ላይ ነርሱ ምን ያድርግ?

ሲስተር ከኮዬ

ሰላም ባለሙያዎች፣ እንዴት ናችሁ? የምሠራው ኮዬ ፈጬ አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ ድንገተኛ ክፍል ነው። ሪፈር ተጽፎላቸው ሆስፒታል ከታዩ በኋላ «ቦርደርላይን» (አንዱ የስብዕና መታወክ ዓይነት) የሚል ምርመራ ይዘው የሚመለሱልን ታካሚዎች አሉ፤ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። አመጣጣቸው ይመሳሰላል፦ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ፣ ክንዳቸውን በምላጭ ቆርጠው ወይ ክኒን ውጠው፣ አንዳንዴም በረኪና ጠጥተው። ሰፍተን እንሸኛለን፣ ሳይቆዩ ይመለሳሉ። አንዷን ነርስ «እንዳንቺ የሚረዳኝ ሰው የለም» ይሏታል፣ ሌላዋን ይሰድባሉ፤ መጨረሻ ላይ የምንጣላው እኛው ነን። ከሠራተኛው ግማሹ «ትኩረት ፈልጋ ነው፣ ችላ በሏት» ይላል። ግማሹ ስልኩን ሰጥቶ ሌሊቱን ሲያወራ ያድራል። ሁለቱም ልክ አይመስለኝም።

የምንጠቀምበት የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ጤና መመሪያ፣ ኤምኤችጋፕ፣ ራስን ስለመጉዳት ክፍል አለው፤ ለስብዕና መታወክ ግን ለብቻው የተጻፈ ክፍል የለውም። ሳይኮሎጂስት የለንም፤ የአእምሮ ህክምና ነርስም በሁሉም ቀን አትገኝም። በዚህ አቅም ምን እናድርግ? እባካችሁ «ርኅራኄ አሳዩ» ከሚለው አልፋችሁ፣ ምን እንደሚባልና ምን እንደሚደረግ ንገሩን።

ሳይካትሪ ነርስ ቃሊቲ

ሲስተር፣ ጥሩ ጥያቄ ነው ያነሳሽው። ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው «ትኩረት ፈልጋ ነው» የሚለው ስለሆነ ከእሱ ልነሳ። እነዚህ ታካሚዎች ስሜታቸው ቶሎ ይግላል፣ ሲግልም ከሌላው ሰው ይብሳል፣ ለመብረድ ደግሞ ብዙ ይቆያል። በተለይ «ሰው ሊተወኝ ነው» የሚለው ፍርሃት ያናውጣቸዋል፤ ተደውሎ ያልተነሳ ስልክ ብቻውን ሊበቃ ይችላል። መቁረጡ ያንን ጭንቀት ለጥቂት ጊዜ ያበርድላቸዋል፣ ስላበረደላቸውም ይደጋገማል። ማርሻ ሊነሃን ያዳበረችውና በፈረንጆቹ 1993 በመጽሐፍ ያወጣችው ዲያሌክቲካል የባህሪ ህክምና እዚሁ ላይ የቆመ ነው፦ ስሜቷን እውነት ነው ብሎ መቀበል፣ ጎን ለጎን ደግሞ ባህሪው እንዲለወጥ መሥራት። ሙሉው ህክምና የሠለጠነ ቡድንና ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፤ አነጋገሩን ግን ማንኛውም ነርስ ዛሬ ማታ ሊጀምረው ይችላል።

ስትገባ እንዲህ በሏት፦ «በጣም እንደከፋሽ አያለሁ። ቁስሉን አጥቤ እሰፋዋለሁ። ከዚያ አሥር ደቂቃ ቁጭ ብለን እናወራለን። ቀጥሎ ሌላ ታካሚ ጋ እሄዳለሁ፤ 4 ሰዓት ሲሆን ተመልሼ አይሻለሁ።» 4 ሰዓት ሲሆን ደግሞ በትክክል ተመለሱ። መምጣት ካልቻላችሁ ሰው ልካችሁ «ሲስተር ቆይታ ትመጣለች፣ አልረሳችሽም» አስብሉ። ለእነዚህ ታካሚዎች ብዙ ከሚያጽናና ቃል ይልቅ በሰዓቱ የተፈጸመ ትንሽ ቃል ይበልጣል። ስለዚህ የማትፈጽሙትን ቃል አትግቡ፤ «ሁሌም አለሁልሽ» የሚባለው ነገር ታካሚዋ ሌሊት ላይ ስትፈልጋችሁ ፈርሶ ይገኛል፣ ያኔ ቀውሱ ይብሳል።

«ለምን እንዲህ አደረግሽ?» አትበሉ፤ ክስ ይመስላል፣ መልሱም «አላውቅም» ነው። «ከመቁረጥሽ በፊት ምን ተፈጠረ?» ብላችሁ ጀምሩና ወደ ኋላ ሂዱ፦ ስንት ሰዓት ነበር፣ ማን ነበር፣ ማን ምን አለ፣ ሰውነትሽ ላይ ምን ተሰማሽ፣ ምላጩን ከየት አመጣሽው፣ ከቆረጥሽ በኋላስ ምን ሆነ? ይህ ሰንሰለት ካርዱ ላይ ሲጻፍ፣ ከሁለት ሦስት ጉብኝት በኋላ ተመሳሳይ ቀለበት ብቅ ይላል። ሁልጊዜ ከቤተሰብ ጠብ በኋላ ነው ወይስ ብቻዋን ስትቀር? ሥራው የሚጀምረው እዚያ ቀለበት ላይ ነው።

ከዚያ በግልጽ ጠይቋት፦ «ለመሞት ፈልገሽ ነበር? አሁንስ?» ጥያቄው ሐሳቡን አይተክልባትም። በየጉብኝቱ እንደ አዲስ መጠየቅ አለበት። ባለፈው «ለመሞት አልነበረም» ያለች ታካሚ ዛሬ ለመሞት ፈልጋ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ መጥታ መትረፏ ለዛሬው ዋስትና አይሆንም፤ ሠራተኛው የሚዘናጋው ግን ልክ በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ እርስ በርስ ጠባችሁ። አንዷን ማምለክ ሌላዋን መጥላት የሕመሙ አካል ነው፤ ሰውን ጥሩም መጥፎም አድርጎ በአንድ ላይ ማየት ይከብዳቸዋል። ስለ ባልደረባችሁ ስትከስላችሁ አትከላከሉላት፣ አብራችሁም አትሙ። «የተፈጠረው ነገር እንዳስከፋሽ ገባኝ። ለራሷ ብትነግሪያት ጥሩ ነው፣ ከፈለግሽ አብሬሽ እሆናለሁ። አሁን ወደ ቁስልሽ እንመለስ» በቂ ነው። ልብ በሉ፣ ባልደረባችሁ በእርግጥ ተሳድባ ሊሆንም ይችላል፤ ስለዚህ ቅሬታውን በርክክብ ላይ አንሱት እንጂ «ሕመሙ ነው» ብላችሁ አትጣሉት።

መድኃኒቱ አንድ ገጽ ዕቅድ ነው። ካርዱ ፊት ለፊት ላይ ይያያዝ፦ ዋናዋ ተከታታይ ነርስ ማን ናት፣ በየትኛው ቀን በስንት ሰዓት ታገኛታለች፣ በቀውስ ጊዜ ምን ይደረጋል፣ ምን አይደረግም፣ ስትመጣ የምናወራው ለምን ያህል ደቂቃ ነው። ታካሚዋ ራሷ ቁጭ ብላ ትጻፈው። ለውጥ የሚደረገው ከዋናዋ ነርስና ከእሷ ጋር ብቻ ነው፤ የማታ ተረኛ አዲስ ፈቃድ አይሰጥም፣ የነበረውንም አይከለክልም። ዕቅዱ የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ ቅዳሜና እሑድ ነው፣ ያልነበሩት ሰዎች ስላላነበቡት። እና ቀጠሮው ራሷን ብትጎዳም ባትጎዳም በቀኑ ይኑር። ሰው የምታገኘው ስትቆርጥ ብቻ ከሆነ መቁረጥን እያስተማርናት ነው።

ገደብ ማስከበር ስትጀምሩ መጀመሪያ ይብሳል፤ ጩኸቱ ይጨምራል፣ መምጣቱ ይበረክታል። በዚያን ጊዜ ተሸንፋችሁ ስልክ ብትሰጡ፣ በሚቀጥለው ከዚህም በላይ መጮህ እንዳለባት ነው የምትማረው።

የማታ ተረኛ

ከላይ በተባለው ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ቁስሉና መርዙ ላይ ልጨምር፣ እዚያ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች አደገኛ ናቸውና።

«ትቅመሰው» ብሎ ያለማደንዘዣ መስፋት በየትም ቦታ መቆም ያለበት ነገር ነው። ቅጣት ነው፤ በሚቀጥለው ቁስሏን ደብቃ ቤት እንድትቀር ከማድረግ ሌላ ፋይዳ የለውም። ማደንዘዣ ስትወጉ ብልቃጡ ላይ ያለውን ፐርሰንት አንብቡ። ሊዶካይን በኪሎ 3 ሚሊ ግራም ብንይዝ ለ50 ኪሎ ሰው 150 ሚሊ ግራም ነው፤ ባለ 1 ፐርሰንቱ 15 ሚሊ ሊትር፣ ባለ 2 ፐርሰንቱ ግን 7.5 ሚሊ ሊትር ብቻ። ክንድ ላይ ረጃጅም ቁርጦች ሲበዙ ሳይታወቅ ይታለፋል። ከመስፋታችሁ በፊት ጣቶቿን አስታጥፉ፣ አስዘርጉ፣ ጫፋቸው ላይ ስሜት መኖሩን እዩ፤ አንጓ ላይ ጅማት ተቆርጦ ቆዳው ብቻ ተሰፍቶ የሚሄድበት ጊዜ አለ። የቲታነስ ክትባቷንም ጠይቁ። እየሰፋችሁ ብዙ አታውሩ፣ አትቆጡም፤ ሥራውን በእርጋታና በአክብሮት ጨርሱ፣ ወሬው ከዚያ በኋላ በተባለው ሰዓት ይሁን።

በረኪና የጠጣችውን አታስመልሱ፣ በቱቦ ጨጓራ አትጠቡ፣ መርዝ ለመያዝ የሚሰጠውን የሕክምና ከሰልም አትስጡ፤ ከሰሉ አይዘውም፣ በኋላ በኢንዶስኮፒ ለማየትም ያስቸግራል። ቤተሰብ አንድ ጆግ ወተት አስጠጥቶ ያመጣል፤ ያ ብዛት ራሱ ያስመልሳል፣ ሲወጣም ጉሮሮውን ዳግመኛ ያቃጥላል። ሎሚም አይሰጥ። ምራቅ መዋጥ ካቃታት፣ ድምፅዋ ከሻከረ ወይም ደረቷን ካመማት ሳትቆዩ ላኳት።

ዙሪያችን ገና እርሻ ስላለ ማላታይን የሚባለው ፀረ ተባይም ይመጣል። የዓይን ብሌን ጠቦ፣ ምራቅና ላብ በዝቶ፣ ደረት ሲንኮረኮር ካያችሁ ጓንት አድርጉ፣ ልብሷን አውልቁ፣ ሰውነቷን በውኃና በሳሙና እጠቡ፣ አትሮፒን ጀምሩ። የአትሮፒን መጠን የሚለካው ደረቱ በመድረቁ ነው፤ ብሌኑ እስኪሰፋ አትጠብቁ።

አንድ የሚያታልል ነገር፦ ፓራሲታሞል። ባለ 500 ሚሊ ግራሙ 15 ፍሬ ለ50 ኪሎ ሰው በኪሎ 150 ሚሊ ግራም ነው፣ ጉበት ሊጎዳ የሚችልበት መጠን። በመጀመሪያው ቀን ምንም ላትመስል ትችላለች፤ «ደህና ናት፣ ተጫወተችብን» ተብላ ወደ ቤት ትላካለች። ማርከሻው የበለጠ የሚሠራው ከዋጠች በኋላ በ8 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ስለሆነ በዚያው ምሽት ትሂድ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የእሳትና አደጋ በ939 ይጠራል፤ ሁለቱም ቁጥሮች ግድግዳው ላይ በትልቁ ተጽፈው ይለጠፉ።

ፋርማሲ መስኮት

የእኔ ጉዳይ ክኒኑ ነው። ማዘዣው «አሚትሪፕቲሊን 50 ሚሊ ግራም ማታ፣ ለአንድ ወር» ብሎ ሲመጣ ባለ 25ቱን 60 ፍሬ ቆጥረን እንሰጣለን። ድምሩ 1500 ሚሊ ግራም ነው፤ ለ50 ኪሎ ሰው በኪሎ 30። አሚትሪፕቲሊን በኪሎ ከ10 ሚሊ ግራም ጀምሮ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል፣ ያ ደግሞ 20 ፍሬ ብቻ ነው። ራሷን በምትጎዳ ታካሚ እጅ የአንድ ወር አሚትሪፕቲሊን ማስያዝ ማለት ይህ ነው። በየሳምንቱ ቢሰጣት 14 ፍሬ፣ 350 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ እሱንም በአንዴ ከዋጠችው ሆስፒታል መታየት አለባት፣ የሞት አደጋው ግን እጅግ ይቀንሳል። ድብርት ኖሮባት መድኃኒት ካስፈለገ ሐኪሙን ስለ ፍሉኦክሰቲን ጠይቁት፤ ከመጠን በላይ ቢወሰድ አደጋው ከአሚትሪፕቲሊን በብዙ ያነሰ ነው። የኤምኤችጋፕ መመሪያም ራሱን የማጥፋት ሐሳብ ላለበት ሰው በዚያው መንገድ ነው የሚመራው።

አሚትሪፕቲሊን ውጣ ለመጣች ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ይነሳላት። ኪውአርኤስ የሚባለው የኢሲጂው ሞገድ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ከሰፋ መንቀጥቀጥና የልብ ምት መዛባት ሊከተል ይችላል፤ ማርከሻው ሶዲየም ባይካርቦኔት በደም ሥር ነው። ማሽኑ ከሌላችሁ ምልክት እስኪታይ ሳትጠብቁ ላኩ፤ ነቅታ ስታወራ ቆይታ በድንገት ልትወድቅ ትችላለችና።

ቤት ውስጥ የተረፈውንም ጠይቁ። የእናት የደም ግፊት ክኒን፣ የወንድም የሚጥል በሽታ ፌኖባርቢታል፣ ያለፈው ወር ትርፍ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚዋጠው ይሄ ነው።

ጤና መኮንን አያት

ለፋርማሲው ባለሙያ አድናቆቴ ይድረሰው። በዚያው ላይ፦ ለቦርደርላይን ራሱ የሚያድን ክኒን የለም። የእንግሊዙ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ በፈረንጆቹ 2009 ያወጣው መመሪያ ለሕመሙ ተብሎ መድኃኒት እንዳይሰጥ፣ በቀውስ ጊዜ ማረጋጊያ ቢያስፈልግም ከአንድ ሳምንት እንዳይበልጥ ይመክራል። ዳያዜፓም ልማድ ያስይዛል፣ አንዳንዷን ደግሞ ገደብ አስረስቶ የባሰ እንድትቆርጥ ያደርጋል።

ባይፖላር ነው ተብሎ ቫልፕሮኤት የተጀመረላቸውም ይመጣሉ። ስሜት በአንድ ቀን ውስጥ ሰዓት በሰዓት የሚገለባበጠው፣ ያውም ከሰው ጋር በተፈጠረ ነገር ተነስቶ፣ ከማኒያ (ስሜትና ጉልበት ከልክ በላይ ከሚጨምርበት የባይፖላር ወቅት) ይለያል፤ ማኒያ ቢያንስ ሳምንት፣ ቀለል ያለው ሃይፖማኒያ እንኳ ቢያንስ 4 ቀን ይቆያል፣ እንቅልፍ ሳያምራቸውም ጉልበታቸው አይቀንስም። ቫልፕሮኤት ጽንስን በጣም ስለሚጎዳ ለወጣት ሴት ምርመራውን ማጣራት ግድ ነው። እኛም በአንድ ምሽት ድንገተኛ ክፍል አይተን ካርድ ላይ ስም አንለጥፍ።

እና እባካችሁ ነርሶች ማስታወሻ ላይ «ማኒፑሌቲቭ» (ሰውን ለፍላጎቷ የምታሽከረክር) የሚለውን ቃል ተዉት። ያየነውን እንጻፍ፦ «ስልክ ጠየቀች፣ አይሆንም ሲባል ምላጭ ከቦርሳዋ አወጣች።» ይህ ለሚቀጥለው ተረኛ ይጠቅመዋል፤ ስድቡ ግን እንዲጠላት ብቻ ያደርገዋል።

ከሰበታ

እኛ ጋ «ራሴን ዳግመኛ አልጎዳም» የሚል ውል አስፈርመን ነው የምንሸኘው። በቤተሰብ ፊት ስትፈርም ኃላፊነት ይሰማታል። ይህን ያልጠቀሳችሁት ለምንድነው?

ሳይካትሪ ነርስ ቃሊቲ

ወንድሜ፣ ያ ውል ነርሱን ያረጋጋ ይሆናል እንጂ ታካሚዋን እንደሚጠብቅ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። እንዲያውም ቃሏን አፍርሳ ስለምታፍር እንደገና ስትጎዳ ትደብቃችኋለች። በምትኩ የደህንነት ዕቅድ ሥሩ፤ ምን እንደማታደርግ ሳይሆን ምን እንደምታደርግ ይጻፍበት። በራሷ ቃል፣ በራሷ እጅ፣ በቅደም ተከተል፦ ቀውሱ ሲመጣ የማውቅባቸው ምልክቶች፤ ብቻዬን ላደርግ የምችለው፤ ሰው መሐል የምሆንበት ቦታ፤ የምደውልላቸው ሰዎች፤ የምሄድበት ጤና ተቋም፤ ቤቱን እንዴት አስተማማኝ እንደማደርግ። ስልኳ ላይ ፎቶ አንስታው ትሂድ፣ ወረቀቱ ይጠፋልና።

ብቻዬን ከሚለው ሥር አንድ ነገር እዚያው አለማምዷት። ሳፋ ውስጥ ቀዝቃዛ ውኃ ይቀዳ፤ ትንፋሿን ይዛ ግንባሯና ጉንጯ እስኪነካ ጎንበስ ትበል፣ ከ15 እስከ 30 ሰከንድ። የልብ ምት ይቀንሳል፣ የጋለው ስሜት ለማሰብ እስኪቻል ድረስ ይበርዳል። ሳፋ ባይኖር በቀዘቀዘ ውኃ የተነከረ ፎጣ ፊት ላይ ይሠራል። የልብ ሕመም ላለባት ወይም ምግብ እየተወች በጣም ለከሳች ግን አታድርጉት። ስትረጋጋ ካልለመደችው ስትናወጥ አታስታውሰውም።

የቤቱ ጉዳይ ላይ አትቸኩሉ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ፣ በረንዳው ቁልፍ እንዳለው ጠይቁ። በረኪናው በጄሪካን ተገዝቶ ኮሪደር ላይ ነው የሚቀመጠው? ምላጩ የት ነው? ክኒኑን ማን ይይዘው? «ከአደጋ ራቂ» ማለት ብቻውን ምንም አይሠራም፤ «ክኒኑን ታላቅ እህቴ ትይዛለች፣ በረኪናው ጎረቤት ይቀመጣል» ይሠራል።

ሲስተር ከኮዬ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ጠቃሚ ነው። ሁለት ነገር ልጠይቅ። አስታማሚዎቹን እንዴት እንያዝ? እናት እዚያው አልጋው ሥር «አሳፈርሽኝ» ትላለች፤ ወይም ክኒን አስጥለው ጸበል ይወስዷታል። ሁለተኛ፣ ሁሉን የሚጠረጥሩ ወይም የሚያስፈራሩ ወንዶችም ይመጣሉ፤ ለእነሱም ይኸው አያያዝ ነው?

ሳይካትሪ ነርስ ቃሊቲ

እናትን ለብቻ አውጥታችሁ መጀመሪያ አድምጧት፤ እሷም ደክሟታል። ከዚያ ሁለት ነገር ብቻ ስጧት፦ የሚቆለፈውን መቆለፍ፣ እና ልጅቱ ስትናወጥ ድምፅን ዝቅ አድርጎ «እዚህ ነኝ፣ ስትረጋጊ እናወራለን» ማለት። ዛሬ ማታ ምክር ቢበዛባት ሁሉንም ትረሳዋለች። ጸበል ለመሄድ ካሰቡ አትከልክሉ። እንጦጦ ነው ሌላ ቦታ፣ ለስንት ቀን እንደሆነ ጠይቁ፤ ክኒኑ አብሮ እንዲሄድና ማን እንደሚይዘው ተስማሙ፤ ቀጠሮውን ከሚመለሱበት ቀን ጋር አገጣጥሙ። ከተከራከራችሁ ክኒኑም ቀጠሮውም ይቀራል።

ለጠርጣራው ሰው ሞቅ ያለ ቀረቤታ አይሆንም፤ የባሰ ይጠረጥራል። ረጋ ያለና ቁጥብ ሁኑ። ፊቱ አትንሾካሾኩ፣ አትቀልዱ፣ ሳታስፈቅዱ አትንኩት። ክኒኑን ከነማሸጊያው አሳዩትና እሱ ራሱ ይክፈተው። ከዘገያችሁ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩት። ጥርጣሬውን አትከራከሩት፣ አትስማሙለትም።

የሚያስፈራራው ወይም ትራማዶልና ዳያዜፓም የሚጠይቀው ሌላ ነው። ብቻችሁን አትግቡ፣ ከበሩ በኩል ቁሙ፣ መቀስና መርፌ ያለበትን ትሪ አውጡ። ገደቡን ሳትቆጡ አንዴ ተናገሩ፦ «ቁስልህን እናክማለን። ትራማዶል አንሰጥም። እየተሳደብክ ከቀጠልክ ወጥተን ስትረጋጋ እንመለሳለን።» የማትፈጽሙትን ማስጠንቀቂያ አትስጡ። አይሆንም ያልነውን የሚቀጥለው ተረኛ ከሰጠው ሁላችሁም ትቸገራላችሁ። ሙገሳውንም ተጠንቀቁ፤ «ከሁሉም አንቺ ትሻያለሽ» ብሎ የግል ነገር መጠየቅ ሲጀምር፣ ስለራሳችሁ የምትመልሱት ነገር አይኑር፣ ርክክብ ላይም ይነሳ።

ስልክን በተመለከተ የሁላችሁም መልስ አንድ ይሁን፦ የጤና ጣቢያው ቁጥር ይሰጣል፣ የግል ስልክም ቴሌግራምም አይሰጥም። እስከ አሁን የሰጣችሁ ካላችሁ በድንገት ብሎክ አታድርጉ፤ ፊት ለፊት ቁጭ ብላችሁ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚቆም፣ ከዚያ በኋላ በየት እንደምታገኛችሁ ንገሯት።

ዋናዋ ተከታታይ ነርስ የዓመት ፈቃድ ስትወጣ ወይም ስትዛወርም እንዲሁ ነው። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ይነገራት፣ የምትተካዋ ነርስ አንዴ አብራ ገብታ ትተዋወቃት፣ የመመለሻው ቀን ዕቅዱ ላይ ይጻፍ። በዚያ ሰሞን መቁረጡ ሊጨምር ስለሚችል ክኒኑ ከሳምንት በታች ይሰጣት፣ የማታ ተረኞችም ፈቃዱ ከመጀመሩ በፊት በርክክብ ይወቁት።